መጽሐፍ ቅዱስን ኒቅያ ላይ በድምፅ ብልጫ ነው የመረጡት? ምን ብዬ ልመልስለት?

ጠያቂ ልብ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ። ጥሩ ሰው ነው፤ ለክፋት አይደለም የጠየቀኝ። ምሳ ሰዓት ላይ መጽሐፍ ቅዱሴን አየና «ይሄ እኮ ቆስጠንጢኖስ የሚባል ንጉሥ ኒቅያ ላይ ጳጳሳት ሰብስቦ፣ እጅ እያስወጣ ያስመረጠው ነው። ያልተመቻቸውን ወንጌል አቃጠሉት» አለኝ። አንድ ቪዲዮም አሳየኝ።

ዝም አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግኩት። ከማቴዎስ እስከ ራእይ የመጻሕፍቱን ስም በቃሌ እወጣዋለሁ። እንዴት አንድ ላይ እንደተሰበሰቡ ግን አላውቅም። ማንም አላስተማረኝም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

እባካችሁ በቀላል ቋንቋ አስረዱኝ። ልጁ ያለው እውነት ከሆነም እውነት ነው በሉኝ። እኔን ለማጽናናት ብቻ ብላችሁ አትመልሱልኝ።

ብራና

እህቴ፣ አይዞሽ። አጭሩ መልስ፦ አይ፣ ኒቅያ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ምርጫ አልተደረገም።

ጉባኤው የተደረገው በ325 ነው (እዚህ ክር ላይ የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የጠራው ቆስጠንጢኖስ መሆኑ እውነት ነው። የተሰበሰቡትን አባቶች በተለምዶ 318 እንላቸዋለን፤ ሠለስቱ ምዕት የምንለው እነሱን ነው። የተከራከሩት ግን ስለ መጻሕፍት ዝርዝር አልነበረም። አርዮስ የሚባል የእስክንድርያ ቄስ «ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበር» ብሎ ያስተምር ስለነበር፣ ዋናው ጥያቄ «ወልድ ፍጡር ነው ወይስ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው?» የሚል ነበር። መልሱን ዛሬም በጸሎተ ሃይማኖት እንጸልየዋለን። ከዚያ ሌላ ስለ ፋሲካ ቀን ተነጋገሩ፣ 20 የሥርዓት ድንጋጌዎችም አወጡ። ከ20ዎቹ አንዱም የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍትን አይዘረዝርም።

አንድ ነገር ልብ በይ። እነዚያ 20 ድንጋጌዎች «ቀኖና» ነው የሚባሉት። የቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝርም «ቀኖና» ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ መነሻው መለኪያ ዘንግ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ንስሐ ገብተን የሚሰጠንንም ቀኖና እንላለን። «ኒቅያ ቀኖና አወጣ» ሲባል ብዙ ሰው «መጽሐፍ ቅዱስን ወሰነ» ብሎ ቢሰማ አይገርመኝም።

የማዕዘን መብራት

ብራና ያለው ትክክል ነው። ወሬው ከየት እንደመጣ ልጨምር፤ ልጁ ከባዶ ፈጥሮ አላወራም።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተጻፈ የግሪክኛ ሰነድ አለ። እዚያ ውስጥ እንዲህ የሚል ታሪክ ይገኛል፦ ኒቅያ ላይ መጻሕፍቱን ሁሉ መሠዊያው አጠገብ አስቀመጡ፣ ጸለዩ፣ እውነተኞቹ ከላይ ሲቀሩ ሐሰተኞቹ ከታች ተገኙ። ከጉባኤው ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ የተጻፈ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር ይህንን አንስቶ አሰራጨው። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው እየተቀዳ እስከ ቪዲዮ ደረሰ።

አንድ ነገር ግን ልደብቅ አልፈልግም። ሄሮኒመስ፣ ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን የተረጎመው አባት፣ በመጽሐፈ ዮዲት መግቢያው ላይ የኒቅያ ጉባኤ ዮዲትን ከቅዱሳት መጻሕፍት እንደቆጠራት ይነገራል ብሎ ጽፏል። ይህች አንዲት መስመር አለች። አባቶች እዚያ ሲከራከሩ ከመጽሐፏ ጠቅሰው ሊሆን ይችላል። ዝርዝር ወጣ፣ ድምፅ ተሰጠ የሚል ግን እዚያም የለም። ልጁ ይህንን ቢያመጣብሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

ጠያቂ ልብ

ሁለታችሁም ተባረኩ። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ቀለል አለ። ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ንጉሡ ካልመረጠ ማን መረጠ? ማቴዎስ ሲገባ የሌላው ሰው ወንጌል ለምን ቀረ? የሆነ ቀን፣ የሆነ ሰው መወሰን የለበትም?

ሽማግሌው አንባቢ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነበው የኖርኩት ነገር ነውና ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅር በይኝ።

«አንድ ቀን፣ አንድ ሰው» ብለሽ አትፈልጊ፤ አታገኚውም። መጀመሪያ የነበረው ንባብ ነው። በ150ዎቹ አካባቢ ሮም የነበረው ዮስጢኖስ ሰማዕት ክርስቲያኖች እሑድ ምን እንደሚያደርጉ ለንጉሠ ነገሥቱ ጽፎለታል። ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ የሐዋርያት ማስታወሻዎች ወይም የነቢያት መጻሕፍት ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ ይነበባሉ፤ ከዚያ መሪው ይመክራል፤ ከዚያ ጸሎትና ቅዱስ ቁርባን። የሐዋርያት ጽሑፍ ከነቢያት እኩል ቆሞ ሲነበብ አየሽ? ገና ኒቅያ ሊደረግ ወደ 170 ዓመት ይቀረዋል።

በ180 በሰሜን አፍሪካ፣ ካርታጎ ከተማ ውስጥ ሰባት ወንዶችና አምስት ሴቶች በሮማዊው ገዥ ፊት ቀረቡ። ስኪሊ ከምትባል ትንሽ ቦታ የመጡ ተራ ምእመናን ናቸው። አነጋገራቸው ተመዝግቦ እጃችን ላይ አለ። ገዥው ስፔራጦስ የሚባለውን «ሣጥናችሁ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። «መጻሕፍትና የጳውሎስ፣ የጻድቁ ሰው፣ መልእክታት» አለ። በዚያው ቀን አንገታቸው ተቆረጠ። እኔ ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ቅዱስ የሆነው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ የሚነግራቸው ጉባኤ ገና አልነበረም። ሣጥኑን ግን ፍርድ ቤት ድረስ ይዘውት ሄደዋል።

ታዲያ ዝርዝር ለምን አስፈለገ? አንዱ ምክንያት መርቅያን ነው። ሀብታም የመርከብ ባለቤት ነበር፤ በ144 የሮም ቤተ ክርስቲያን ከኅብረቷ ለየችው። የብሉይ ኪዳን አምላክና የኢየሱስ አባት የተለያዩ ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር። ብሉይ ኪዳንን ሙሉ በሙሉ ጣለ። ከወንጌል ሉቃስን ብቻ ያዘ፣ እሱንም ቆራርጦ፤ ከጳውሎስ ደግሞ 10 መልእክታት። እንግዲህ ሰው ሲቀንስ ነው «የእኛ የትኛው ነው?» የሚባለው። በ180 አካባቢ የሊዮን ጳጳስ የነበረው ሄሬኔዎስ ወንጌሎች አራት ናቸው፣ አይጨመሩም አይቀነሱም ብሎ ጻፈ። ይህ ሰው በልጅነቱ የሰምርኔሱን ጳጳስ ፖሊካርፐስን የሰማ ነው፤ ፖሊካርፐስ ደግሞ ሐዋርያው ዮሐንስን። ሰንሰለቱ አጭር ነው ልጄ፤ በሁለት ሰው ሐዋርያው ዘንድ ይደርሳል።

ብራና

አባቴ፣ የሴራፒዮንን ታሪክ ይንገሩልን እንጂ! «ሌላው ወንጌል ለምን ቀረ» ለሚለው ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሽማግሌው አንባቢ

እሺ ልጄ፣ ደግ አስታወስከኝ።

ሴራፒዮን በ200 አካባቢ የአንጾኪያ ጳጳስ ነበር። ሮሶስ ወደምትባል ከተማ ሲሄድ ምእመናኑ «የጴጥሮስ ወንጌል» በሚባል መጽሐፍ ምክንያት ሲነታረኩ አገኛቸው። መጽሐፉን አላነበበውም ነበር። የሚያጣላችሁ ይህ ብቻ ከሆነ ይነበብ ብሎ ፈቀደ። የተሳሳተ ትምህርት እንዳለበት በኋላ ሲሰማ መጽሐፉን ተውሶ አነበበው። ከዚያም ደብዳቤ ጻፈላቸው። አብዛኛው ከትክክለኛው የመድኃኒታችን ትምህርት ጋር ይስማማል፣ የተጨመሩ ነገሮች ግን አሉበት አለና እነሱን ዘርዝሮ ላከላቸው። ጴጥሮስንና ሌሎቹን ሐዋርያት እንደ ክርስቶስ እንቀበላለን፣ በስማቸው በሐሰት የተጻፈውን ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳልተቀበልን ስለምናውቅ አንቀበልም አላቸው። ታሪኩን ያቆየልን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው፣ የቂሳርያው ጳጳስ አውሳብዮስ ነው።

የዚያ መጽሐፍ ቁራጭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅ፣ አክሚም ውስጥ ከአንድ መቃብር ተገኝቷል። ማንም ማንበብ ይችላል። ትንሣኤው ላይ መስቀሉ ራሱ ከመቃብር ይወጣል፤ ከሰማይ ድምፅ ሲጠይቅ መስቀሉ «አዎ» ብሎ ይመልሳል። ማርቆስ 16ን አንብቢና ከዚያ ይህንን አንብቢ። ልዩነቱ ማስረጃ ሳይጠየቅ ይታያል።

ቤርያ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፤ እዚህ ብዙዎቻችሁ ኦርቶዶክስ እንደሆናችሁ አያለሁና በትሕትና አንድ ነገር ልጨምር።

ከጉባኤና ከዝርዝር በፊት መጽሐፉ ራሱ ሲሰበሰብ ይታያል። ቆላስይስ 4፥16 ላይ ጳውሎስ መልእክቴ እናንተ ጋ ከተነበበች በኋላ ለሎዶቅያ ሰዎችም ትነበብ ይላል። ማሰባሰቡ የተጀመረው እዚያው ነው፤ እየተገለበጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ። 2ኛ ጴጥሮስ 3፥15-16 ላይ ደግሞ የጳውሎስ መልእክታት «ከሌሎች መጻሕፍት» ጋር አብረው ይጠራሉ፤ ለማስተዋል የሚያስቸግር ነገር እንዳለባቸው ሳይቀር ይነግረናል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18 ላይ ስለ ሠራተኛና ደመወዝ የተጠቀሰው ቃል ሉቃስ 10፥7 ላይ ያለው ነው፤ ከዘዳግም ጋር ጎን ለጎን «መጽሐፍ» ተብሎ።

ስለዚህ ለእኔ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን ቅዱስ አላደረገችውም። ቅዱስ መሆኑን አወቀችው። በጎች የእረኛቸውን ድምፅ እንደሚያውቁት።

የማዕዘን መብራት

ወንድሜ ቤርያ፣ «አወቀችው» የሚለውን ቃል በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። ግን አውቃ የተቀበለችውስ ማን ናት? ያነበበችው፣ የገለበጠችው፣ ለእሱ የሞተችው ቤተ ክርስቲያን ናት። የሴራፒዮን መለኪያ «እንዲህ ያለ ነገር አልተቀበልንም» የሚል ነበር። ማለትም መጽሐፉን የመዘኑት ቀድሞ በእጃቸው በነበረው እምነት ነው፤ በጥምቀት፣ በጸሎት፣ ከሐዋርያት በወረሱት ትምህርት። ስለዚህ መጽሐፉንና ማኅበሩን ለያይቼ ማየት አልችልም።

ቤርያ

እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ሙሉ በሙሉ ባልስማማም ያልከውን ተረድቼዋለሁ። ማኅበሩ ምስክር ነው እላለሁ፤ ምስክር ደግሞ የሚመሰክርለትን ነገር አይፈጥረውም። ይህ የቆየ ውይይት ነው፣ በአንድ ማታ አንጨርሰውም። ለእህታችን ጥያቄ ግን የሁለታችንም መልስ አንድ ነው፦ ንጉሡ አይደለም።

ዝምተኛ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ልናገር። ነገሩን ያለ ችግር የሄደ እያስመሰላችሁት እንዳይሆን እፈራለሁ። የተከራከሩባቸው መጻሕፍት ነበሩ አይደል? እኔ ይህንን በኋላ ከሌላ ሰው ስሰማ «ለምን ደበቁኝ» ብዬ ለሁለት ዓመት ያህል ከጸሎት ቀዝቅዤ ነበር። ለእህታችን አሁኑኑ ንገሯት።

ብራና

ስላነሳኸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ ነበሩ። በግልጽ ልጻፈው።

አራቱ ወንጌሎች፣ የሐዋርያት ሥራ፣ 13ቱ የጳውሎስ መልእክታት፣ 1ኛ ጴጥሮስና 1ኛ ዮሐንስ ላይ በሰፊው ስምምነት ነበር። ክርክሩ ዳር ዳር ባሉት ላይ ነው። አውሳብዮስ ከኒቅያ በፊትና በዚያው ዘመን በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ላይ በግልጽ ይለያቸዋል። ሁሉም የተቀበሏቸው አሉ። ብዙዎች የሚያውቋቸው ግን ክርክር ያለባቸው አሉ፦ ያዕቆብ፣ ይሁዳ፣ 2ኛ ጴጥሮስ፣ 2ኛና 3ኛ ዮሐንስ። ዕብራውያንን ምዕራቡ ለረጅም ጊዜ ጠርጥሯታል፤ ጸሐፊዋ ማን እንደሆነ አልታወቀም። የእስክንድርያው መምህር ኦሪገን እንኳ ማን እንደጻፋት በእውነት የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው ብሏል። ራእይን ደግሞ ብዙ የምሥራቅ አባቶች ጠርጥረዋል። የሶርያው ጥንታዊ ትርጉም ፔሺታ 22 የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብቻ ነበሩት።

እንዲሁም የተወደዱ ግን ያልገቡ አሉ። የሄርማስ እረኛ የሚባለው መጽሐፍ በጣም ይነበብ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የሲና ብራና በሚባለው የግሪክኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከአዲስ ኪዳን ኋላ ተጽፎ ይገኛል። ታዲያ ለምን ቀረ? ሙራቶሪ የሚባል ምሁር በ1740 ያሳተመው ጥንታዊ ዝርዝር ምክንያቱን ይነግረናል፦ መጽሐፉ በቅርቡ፣ በእኛ ዘመን የተጻፈ ስለሆነ ይነበብ፣ ነገር ግን በጉባኤ ከነቢያትና ከሐዋርያት ጋር አይነበብ። መጥፎ ስለሆነ አላሉም፤ ሐዋርያዊ ስላልሆነ ነው።

ልጁ «አቃጠሉት» ላለሽ ደግሞ፦ ቆስጠንጢኖስ የአርዮስ ጽሑፎች እንዲቃጠሉ አዝዟል፤ ይህ እውነት ነው፣ አንካደውም። ከዚያ 20 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ግን የተቃጠሉት የእኛ መጻሕፍት ነበሩ። በ303 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ይቃጠሉ ብሎ አዋጅ አወጣ። ወታደሮች ቤት ለቤት ፈተሹ። አሳልፎ የሰጠ አለ፤ አልሰጥም ብሎ የሞተ አለ። በሰሜን አፍሪካ ፊልክስ የሚባል ጳጳስ መጻሕፍቱን አልሰጥም በማለቱ ብቻ ተገደለ። እስቲ አስቢው። ወታደር በር ላይ ቆሞ «አምጣ» ሲልሽ፣ የትኛውን ትሰጫለሽ፣ የትኛውን ደግሞ በነፍስሽ ትጠብቂያለሽ? ስለ ዝርዝሩ ሲጠየቅ የነበረው በዚህ ሁኔታ ነው።

ሽማግሌው አንባቢ

ብራና እንዳለው ነው። 27ቱ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ልክ ዛሬ እንዳሉት፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ ተዘርዝረው የምናገኛቸው መጀመሪያ በ367 ነው። የጻፋቸው አትናቴዎስ ነው፤ በኒቅያ ጊዜ ወጣት ዲያቆን የነበረው። የጻፈውም ለጉባኤ አልነበረም። የእስክንድርያ ጳጳስ በየዓመቱ የፋሲካን ቀን የሚያሳውቅበት ደብዳቤ ነበረው፤ ዝርዝሩ የሚገኘው በ39ኛው ደብዳቤው ላይ ነው። ከዚያ በ393 ሂፖ፣ በ397 ካርታጎ የተደረጉ የአፍሪካ ጉባኤዎችም ዝርዝር አወጡ። ሲነበብ የኖረውን ነው የመዘገቡት።

የሰርክ ጸሎት

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። 27ቱ ገባኝ። ግን አንዱ 66፣ አንዱ 73፣ እኛ ደግሞ 81 የምንለውስ? መጽሐፈ ሄኖክስ? ሁልጊዜ በዚህ ነው የምንጣላው።

ሽማግሌው አንባቢ

ልዩነቱ በአብዛኛው ብሉይ ኪዳን ላይ ነው ልጄ። የዕብራይስጡን ስብስብ የተከተሉት ወደ 66 መጡ። የግሪኩን የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ሰፋ አድርገው የወረሱት እንደ ጦቢት፣ ዮዲትና ሲራክ ያሉትን ያዙ። የእኛ ሰማንያ አሐዱ ከዚያም ሰፋ ብሎ ሄኖክንና ኩፋሌን ይዟል። ሰማንያ አሐዱ ሲቆጠርም አንዱ አቆጣጠር ሲኖዶስን፣ ኪዳንን፣ ቀሌምንጦስንና ዲድስቅልያን የሚባሉትን የሥርዓት መጻሕፍት በክፍሎቻቸው ስምንት ቆጥሮ፣ ከ27ቱ ጋር ጨምሮ አዲስ ኪዳንን 35 ያደርገዋል።

አትናቴዎስ ራሱ ስንኳ አስቴርን ከቀኖና ዝርዝሩ ውጭ፣ ለአዲስ አማኞች ከሚነበቡት ጋር ነው ያስቀመጣት። ይህንን ሳውቅ ከሌላው ወገን ጋር ስነጋገር ድምፄ ዝቅ አለ።

ስለ ሄኖክ አንድ ነገር ብቻ። ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 ላይ የሄኖክን ትንቢት ይጠቅሳል። የካርታጎው ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስ ይህንን አይቶ «ይሁዳ ከመሰከረለትማ ሄኖክን እንቀበል» አለ። ሄሮኒመስ ደግሞ ብዙዎች ሄኖክን በመጥቀሱ ምክንያት የይሁዳን መልእክት እንዳልተቀበሉ ይነግረናል። ያው አንድ ቁጥር ነው። ሙሉው መጽሐፍ የተጠበቀው በግዕዝ ነው፤ የአረማይክ ቁርጥራጮቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሙት ባሕር አጠገብ ባለው ቁምራን ዋሻ ውስጥ ተገኝተዋል።

ቤርያ

ጳውሎስም የሐዋርያት ሥራ 17፥28 ላይ የግሪክ ባለቅኔ ጠቅሷል፤ ስለዚህ መጠቀስ ብቻውን መጽሐፉን ቅዱስ አያደርገውም እላለሁ። ግን ይሁዳ «ትንቢት ተናገረ» ማለቱን ሳላነሣ ባልፍ ልክ አይሆንም። ከአባታችን ብዙ ተምሬያለሁ፤ ይባረኩ።

ጠያቂ ልብ

ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዝምተኛ፣ በተለይ ላንተ፦ ያንን ክፍል ስላስጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ያንን ብቻዬን ከሌላ ቦታ ባገኘው ኖሮ እኔም እንደ አንተ እቀዘቅዝ ነበር።

ለልጁ ስለ ኒቅያ ነገርኩት። 20 ድንጋጌ እንዳለና መጻሕፍት የሚዘረዝር እንደሌለበት ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ራሱ ፈለገ። ብዙ ፈለገ። አልተከራከረኝም። ከዚያ የሣጥኑን ታሪክ ነገርኩት። «ስንት ሰው ነበሩ?» አለኝ። 12 አልኩት። «እና ለመጽሐፍ?» አለ። ለክርስቶስ ነው አልኩት፤ መጽሐፉ ስለ እሱ ስለሚናገር ነው።

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ከተከራከሩባቸው አንዱን እንይ ብሎኝ የይሁዳን መልእክት አብረን አነበብን። 25 ቁጥር ብቻ ስለሆነች ነው የመረጥናት። እኔ ነኝ ያነበብኩት። ቁጥር 14 ላይ ስደርስ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። «ሄኖክ ማን ነው?» አለ። አባቴ፣ እርስዎ የጻፉትን እንዳለ ነገርኩት፤ ጠርጡሊያኖስንም ሄሮኒመስንም። «እና የቱ ትክክል ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አንዱን ወገን መርጬ ላሸንፈው አልሞከርኩም። ሁለቱንም አስረዳሁትና ንባቡን ቀጠልን።

ሰኞ ፊልሞናን እንጀምራለን። ፊልሞናም 25 ቁጥር ናት። አንባቢው ግን እሱ ነው።